የእማዬ አልጋ አጠገብ የቆመው ማሽን

"ይሄን ማሽን ያመጣው የኔ ልጅ ነው።"

እናቴ ናት፤ ዛሬ ሆስፒታል ልጠይቃት ስገባ አጠገቧ ለተኙት እናት እየነገረቻቸው ነበር። ማሽኑ ጠፍቷል፣ የሰው ነጠላ ተሰቅሎበታል።

የምሠራው የመርፌ መድኃኒትና ግሉኮስ በልክ የሚያንጠባጥብ ማሽን የሚያመርት ድርጅት ውስጥ ነው። ይሄንን አምና እዚሁ ኮልፌ ሆስፒታሉ ውስጥ ስናስረክብ ሪባን ተቆርጧል፣ ኬክም ነበር። (ኬኩ እንኳን አልቆ ነው የወጣነው።)

ነርሷን "ለምን አትከፍቱትም?" አልኳት።

"ወንድሜ፣ ከራሱ ቱቦ ሌላ አይቀበልም። አብሮት የመጣው ወር ሳይሞላው አለቀ። ድርጅቱን ስንጠይቅ 'በቅርቡ ይላካል' የሚል ደብዳቤ ይጽፉልናል።"

ከዚያ ስልኳ ላይ ሰዓቱን እያየች የእናቴን ግሉኮስ ጠብታ በጠብታ መቁጠር ጀመረች። ሌሎች አሥር ሕመምተኞች ይጠብቋታል።

ያንን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ።

የርክክቡን ፎቶ እዚሁ ገጼ ላይ "እንኳን ደስ አለን" ብዬ ለጥፌው ነበር። አብዛኞቻችሁ ላይክ አድርጋችሁታል።

እስቲ እናንተም፣ አጨብጭባችሁ ያስመረቃችሁት ነገር ዛሬ ምን ላይ እንዳለ ሄዳችሁ ያያችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ።

እማዬ ፌስቡክ የላትም። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ማሽኑን እያሳየች "ልጄን መርቁልኝ" ትላለች።