እልል ያልኩበት ትውከት

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለባሌ አልተናገርኩም። ነፍስ አባቴ ፊት እንኳ ስንት ጊዜ ተንበርክኬ፣ ሌላ ሌላውን ኃጢአት ዘክዝኬ፣ ይህቺን አንዷን ውጬ ተነስቻለሁ። ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ፤ ስለማታውቁኝ ይሆናል። ብቻ አድምጡኝ፤ አታጽናኑኝ።

አባቴ ላሊበላ አጠገብ፣ በዋሻ ውስጥ ባለው በነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ። ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ በገባባቸው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሆዳቸው እምቢ አለ። ጠዋት የቀመሱት አጥሚት ማታ እንዳለ ይመለሳል። ውኃውም ይመለሳል። ከስተው ከስተው ቀሚሳቸው ሰፋቸው። እሳቸውን ያንገበገባቸው ግን ረሃቡ አልነበረም። የሚያስመልሰው ሰው አይቆርብም፤ ሥጋ ወደሙን ተቀብሎ ቢያስመልሰውስ? ዕድሜ ልካቸውን ሌላውን ሲያቆርቡ የኖሩት አባቴ፣ ቅዳሴውን ከውጭ ቆመው እንደ ባዕድ ያስቀድሱ ጀመር።

ከቤቱ ልጆች የተማርኩት እኔ ነኝ፤ ላሊበላ አስተምር ነበር። በአይሱዙ ጋቢና አስቀምጬ ሆስፒታል ያደረስኳቸውም እኔ ነኝ። ወጣቱ ሐኪም መርምሮ ሲያበቃ አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ አለና፣ "አባ፣ ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጉት ምንድን ነው?" አላቸው። አባቴ ደነገጡ። እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው የነበረ አይመስለኝም።

"ልጄ፣ ልቁረብ። አንዲት ቀን እንኳ ሆዴ ይያዝልኝ፤ ከዚያ ወዲያ እሱ ያውቃል" አሉት።

ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ። ካንሰር ነው አለኝ፤ የጨጓራውን መውጫ ዘግቶታል፤ ቆርጦ ማውጣት አይቻልም። ግን በቀዶ ጥገና ከጨጓራው ወደ አንጀቱ ሌላ መተላለፊያ መክፈት ይቻላል። በሽታውን አያድነውም፤ ከተሳካ ግን ትውከቱ ይቆማል፣ ጥቂት ጥቂት ይበላሉ። ስለደከሙ ከቢላዋው ላይነሱም ይችላሉ። "ምርጫው የእሳቸው ነው። ንገሪያቸውና መልሳቸውን አምጪልኝ" አለኝ።

ኮሪደሩ አጭር ነበር። በዚያች አጭር መንገድ ምን አሰብኩ? ስለ እሳቸው አሰብኩ ብል ታምኑኛላችሁ? ወንድሞቼን አሰብኩ። ሬሳ ይዤ ስመለስ፣ ኩልመስክ ያሉት አክስቶቼ "አስቀድዳ ገደለችው" እያሉ ሲያለቅሱ ታየኝ። የፈራሁት ለስሜ ነው። ለስሜ!

"ሐኪሙ ለቢላዋ አይሆንም አለ፣ አባዬ። በጸበሉ ይሻልዎታል" አልኳቸው። ተመልሼ ለሐኪሙ ደግሞ "ቀዶ ጥገና አልፈልግም አሉ" አልኩት። በወዲህም በወዲያም ዋሸሁ። እሳቸው የተማረች ልጃቸውን አመኑ፤ እሱም የበሽተኛውን ልጅ አመነ። ማን ይጠረጥራል?

ጸበሉን አላማም፤ ስንቱ ድኖበታል። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን እየቀዳን በጣሳ አጠጣናቸው። እኛ ዘንድ ጸበል ጠጥቶ ያስመለሰው ሰው፣ በሽታው ወጣለት ይባላል። መውጫው የተዘጋ ሆድ ታዲያ ምን ያድርግ? የጠጡትን ሁሉ መለሱት። "ወጣላቸው! ወጣላቸው!" አለ ሰዉ። እልልታው ቀለጠ። እኔስ? እኔ እያወቅሁ እልል አልኩ። ከሁሉም ድምፄን ከፍ አድርጌ እልል አልኩ። ዝም ብል ይነቃብኛላ! እሳቸውም እልልታውን ሲሰሙ ፊታቸው ይፈካል፤ "ጨምሩልኝ" ይላሉ። "በርቱ አባዬ" እያልኩ ጣሳውን የሞላሁት እኔ ነኝ። እኔው ነኝ!

እየዋለ እያደረ እልልታው ቀረ፤ ትውከቱ አልቀረም። በመጨረሻው ሰሞን አብረዋቸው ያገለገሉ ቄስ ሊያቆርቧቸው ይችሉ እንደሆነ ለማየት መጡ። ገና ከበር ሳያልፉ አባቴን አስመለሳቸው። ቄሱ የአባቴን ግንባር ስመው፣ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ሄዱ። አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"እግዚአብሔር ከለከለኝ ልጄ" አሉኝ። "ምን በድዬው ይሆን? በደሌን ባውቀው እኮ ንስሐ እገባ ነበር።"

ከዚያች ቀን ወዲያ ኃጢአታቸውን ይፈልጉ ጀመር። ከልጅነታቸው ጀምረው ይፈልጋሉ። የቆሎ ተማሪ ሳሉ ውሻ መምታታቸውን፣ እናቴን በወጣትነታቸው መቆጣታቸውን፣ ከሙጃ የመጣ አንድ ገበሬ በደጅ ሲጠብቃቸው ተኝተው መቆየታቸውን። "ይሄ ይሆን? ይሄስ ይሆን?" ይሉኛል። እኔ አጠገባቸው ነኝ። የሚፈልጉት ነገር አጠገባቸው ተቀምጦ ግንባራቸውን በጨርቅ ያብሳል። "ይተኙ አባዬ፣ አይድከሙ" አልኳቸው። እየፈለጉ ሞቱ።

ሰው "ደህና አድርገሽ ጦረሻቸዋል" ሲለኝ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጣለሁ። ቀዶ ጥገናው ይሳካ ነበር ወይ? አላውቅም፤ እዚያው ሊቀሩም ይችሉ ነበር። ግን የተጠየቁት እሳቸው ነበሩ፣ የመለሱትም እሳቸው ነበሩ። መልሳቸውን የሰረቅኳቸው እኔ ነኝ። ወጣት ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር፣ ምናምን አልልም። ከእናንተም ይቅርታ አልለምንም፤ ልትሰጡኝ ይቅርታው የእናንተ አይደለም።

እሱ አልከለከለዎትም፣ አባዬ። የከለከልኩዎት እኔ ነኝ።