ሁለተኛው የፀጉር ቤት ወንበር

ልጅ እያለሁ ደብረ ብርሃን ውስጥ እንደ አባቴ ፀጉር ቤት የሚሞቅ ቤት ያለ አይመስለኝም ነበር። ጥግ ላይ የከሰል ምድጃ አለ፤ ምድጃው ላይ የመላጫ ውኃ የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ አይጠፋም። ጠዋት ብርዱ ጣት ሲያደነዝዝ፣ ፀጉራቸውን ትናንት የተቆረጡ ሰዎች ሳይቀሩ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ይገቡና አግዳሚው ላይ ይደረደራሉ። እሳት ልንሞቅ ነው ይላሉ። ውሸታቸውን ነው፤ የሚመጡት ለማማረር ነበር። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ የቤት ሥራ የምሠራ መስዬ ጆሮዬን ለእነሱ እሰጣለሁ። ዛሬም የአልኮልና የፓውደር ሽታ ከእርጥብ ፀጉር ሽታ ጋር ተደባልቆ ሲመጣብኝ ሳቅ ሳቅ ይለኛል።

እዚያ ቤት የማይማረሩበት ነገር አልነበረም። የዘይት መወደድ፣ የመብራት መጥፋት፣ ጫጫ ከተማ ላይ ሚኒባስ እያስቆመ የሚያጉላላው ትራፊክ፣ ማታ በቴሌቪዥን የታየው ሚኒስትር ያሰረው ከረባት ሳይቀር ይነሳል። መንግሥት ሲያልቅባቸው ወደ ዘፋኞች ይዞራሉ። ያን ጊዜ ሁለት ዘፋኞች «ዜማው የኔ ነው»፣ «የለም የኔ ነው» ተባብለው በሬዲዮ ይዘላለፉ ነበር። አባቴ ከትልቋ ጋር ወገነ። ሁለተኛው ወንበር ላይ የሚቆርጠው ጋሼ ደበበ ደግሞ ከትንሿ ጋር። ጋሼ ደበበ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ከአባቴ ጋር የሠራ ሰው ነው፤ «ሚሚ» የሚለውን ስም ያወጣልኝም እሱ ነው። አንድ ቀን ክርክሩ ሲግል የአንዱን መምህር የግራ ጆሮ ግንድ ፀጉር ከቀኙ በጣም ከፍ አድርጎ ቆረጠው። መምህሩ በማግስቱ እየበረረ ተመልሶ መጣ። ስለ ፀጉሩ ሊከስ ነው ስንል፣ ለካስ ማታ አልጋው ላይ ሆኖ ለአባቴ የሚሆን መልስ ተገኝቶለት ኖሯል።

ማማረሩ ከጨዋታ አልፎ የምር የሚሆነው ግን የግምት ሰሞን ነበር። እንደኛ ሒሳብ የማይዝ ትንሽ ነጋዴ የቀን ገቢውን የሚገምቱለት ሰዎች ከግብር መሥሪያ ቤት ይመጣሉ። ፀጉር ቤት ሲገቡ ደግሞ የሚያዩት ወንበር ነው። ሁለተኛው ወንበር ከጠዋት እስከ ቀትር ባዶውን ቢውልም ሁለት ወንበር ሁለት ወንበር ነው። «ወንበሩ ብቻውን ይቆርጣል እንዴ?» እያለ አባቴ በየዓመቱ ይቆጣል። ተቆጥቶ ሲያበቃ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። ገማቾቹ ሰፈራችን ደረሱ ሲባል ጋሼ ደበበና እሱ ያንን ከባድ ወንበር ተሸክመው በጓሮ በኩል ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ ብዙነሽ ማድ ቤት ይወስዱታል። ዶሮዎቹ ወጥተውበት እንዳያበላሹት ብርድ ልብስ ደርቤ ላዩ ላይ መቀመጥ የኔ ሥራ ነበር። ከዚያ የበለጠ ሥራ እስከ ዛሬም አላገኘሁም።

ጋሼ ደበበስ? እሱ ደንበኛ ይሆናል። አንገቱ ላይ ፎጣ፣ ጉንጩ ላይ አረፋ ተደርጎለት ይቀመጥና አባቴ ይላጨዋል። ገማቾቹ ሳይገቡ ካለፉ በማግስቱ እንደገና ይላጫል። በግምት ሰሞን ፊቱ እስኪቀላ ድረስ ይላጭ ስለነበር ከተማው ውስጥ እንደሱ የጠራ ፊት ያለው ሰው አይገኝም። አንድ ዓመት የመጡት ሴትዮ ትክ ብለው አዩትና አባቴን «ይሄ ደንበኛህ ንጹሕ ሰው ነው፤ አምናም ስንመጣ ሲላጭ ነበር» አሉት። ከዚያ አንድ ወንበር ብለው ጽፈው ወጡ። አባቴ ለብዙ ጊዜ ስማቸውን እየጠራ ይመርቃቸው ነበር።

አሁን አባቴ እጁ ይንቀጠቀጣል። ቤቱን ለጋሼ ደበበ ከለቀቀለት ቆይቷል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሊላጭና ሊያማርር ይሄዳል። ሬዲዮው ቀርቶ ሁሉም ስልኩን ይዞ የተዋናዮችን ስድድብ ይከፍታል እንጂ አግዳሚው ያው ነው። እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የተቀጠርኩት፣ ጉድ በሉ፣ እዚያው ግብር መሥሪያ ቤት ነው። የሰማ ቀን አባቴ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «ቤታችን ገማች አወጣ» ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ።

ዘንድሮ ያ ሰፈር ለእኔ ደረሰ። ቀይሩኝ ብል ይቀይሩኝ ነበር፤ አላልኩም። ከሥራ ባልደረባዬ ከሰሎሞን ጋር ስንገባ አግዳሚው ሙሉ ነበር። አንዱ ስልኩን ቶሎ ዘጋ። ልጅ ሆኜ አዝሎኝ የዞረው ጋሼ ደበበ ብድግ አለና «ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለኝ። አንቱ መባሌ ጆሮዬን አቃጠለኝ። ወንበሩ አንድ ብቻ ነው። ወንበሩ ላይ ታደሰ ተቀምጧል። ታደሰ ከወለጋ ተፈናቅሎ ከነሚስቱና ከነልጆቹ መጠለያ ውስጥ የሚኖር ሰው ነው፤ የሁለተኛው ወንበር ቆራጭ እሱ ነበር። ፎጣው ከአንገቱ ተጠምጥሟል፤ አረፋው ገና አሁን የተላጨ ጉንጭ ላይ ተቀብቷል። ከፎጣው ሥር ደግሞ የደረት ኪሱ ውስጥ የሰካት ማበጠሪያ ብቅ ብላለች። ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

ሰሎሞን እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ «አንድ ወንበር እንበል?» አለኝ። ጋሼ ደበበ አየኝ። የልመና አስተያየት አልነበረም። ወላጅ የትምህርት ቤት በዓል ላይ ልጁ የምታነበውን ግጥም በቃሏ እንደምታውቀው ተማምኖ እንደሚያያት ነው ያየኝ።

«ሁለት ነው» አልኩ።

ለምን እንዳልኩ ስጠየቅ የምሰጠው መልስ ሞልቷል። ሕግ ነው፤ የደበቀው ያልከፈለውን ያልደበቀው ይከፍለዋል፤ ለዘመዶቿ አደላች እባላለሁ። ሁሉም እውነት ነው። ያን ሰዓት ግን አንዱም በሐሳቤ አልነበረም። ሰሎሞን ሲያሞኙኝ ዝም ያልኩ እንዳይመስለው ፈራሁ። በቃ፣ ፈርቼ ነው። ታደሰ ከነአረፋው ተነሥቶ ቆመና ጋሼ ደበበን ቀስ ብሎ «እኔ ልሂድ?» አለው። ጋሼ ደበበ ትከሻውን ይዞ መልሶ አስቀመጠውና ምንም የሚላጭ ጢም የሌለበትን ፊት እስከ መጨረሻው ላጨው። እኛም ፎርማችንን ሞልተን ወጣን።

ግምቱ ሲደርሰው ጋሼ ደበበ አቤቱታ አላቀረበም። ሁለተኛውን ወንበር ከደነባ ለመጣ ሰው ሸጠው። ታደሰ አሁን መጠለያው በር ላይ በርጩማ አድርጎ ይቆርጣል አሉ። የፀጉር መቁረጫ ቶንዶሱን ጋሼ ደበበ ነው የሰጠው።

ባለፈው ቅዳሜ አባቴ ምሳ ቀዝቅዞ፣ ቀኑ ተጋምሶ መጣ። የት ቆየህ ስለው «ወንበሩ አንድ ሆነ እኮ፤ ወረፋ ነው» አለኝ። ሊወቅሰኝ ብሎ አይደለም፤ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው ነው ያወራው። እኔ ግን እንዲቆጣኝ ፈልጌ ነበር።

«ስለ እኔ ምን ይላሉ?» አልኩት።

«ምንም አይሉም» አለ። «እኔ እዚያ ተቀምጬ እንዴት ብለው ያሙሻል? ደበበ ሰላም በልልኝ ብሏል።»

ያ ቤት ማንንም አይምርም ነበር። አባቴ ራሱ የመላጫ ዋጋ የጨመረ ጊዜ እፊቱ እያሙት ይላጩ ነበር፤ እሱም እየሳቀ ሻይ ያስመጣላቸው ነበር። ልጅ ሆኜ እዚያ አግዳሚ ላይ ስቀመጥ የታማ ሰው ሁሉ ያሳዝነኝ ነበር። አሁን ያ ሰው በሆንኩ እላለሁ። ሚሚ እንዲህ አደረገችን፣ ያሳደግናት ልጅ ጉድ ሠራችን ቢሉኝ፣ ሄጄ በሩን ከፍቼ ልገባ እችል ነበር። የእነሱ ዝምታ ግን መግቢያ የለውም። አባቴ ነገ ሊላጭ ሲወጣ «ጋሼ ደበበን ሰላም በልልኝ» ልለው አስባለሁ። ባለፈውም ቅዳሜ አስቤ ነበር፤ ጋቢውን አቀበልኩት እንጂ አላልኩም።