የተመለሰ ደም

ባልደረባዬን ሆስፒታሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ነርሶቹ «መልሱት» ይሏታል፤ አክባሪዎቹ «እትዬ መልሱት»። ስሙን ያወጣችው ራሷ ናት ማለት ይቻላል። ሃያ ሁለት ዓመት በደም ምርመራ ክፍሉ መስኮት ላይ ስትቀመጥ ከዚህች ቃል ሌላ ብዙ አልተናገረችም።

ደም በመጣ ቁጥር ወይን ጠጅ ክዳን ያለውን ቱቦ ከማዘዣው ጋር ታስተያያለች። ስም፣ የአባት ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የተቀዳበት ሰዓት። አንዱ ከጎደለ «መልሱት»። ደሙ ቱቦው ላይ ካለው መስመር በታች ከሆነም «መልሱት»። ከዚያ ክዳኑን ከፍታ በቀጭን የእንጨት ስንጥር ትፈትሸዋለች፤ ስንጥሩ የረጋ ደም ይዞ ከወጣ ያው ነው። ነርሶቹ «የማን እንደሆነ እኮ አውቃለሁ፣ አሁን የቀዳሁት ነው» ብለው ሲለማመጧት፣ «አንቺ ታውቂያለሽ፤ ቱቦው አያውቅም» ትላለች። ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። እኔ አጠገቧ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ከእኔ ሌላ የሚወዳት ሰው አላየሁም፤ እኔም ብሆን ሁልጊዜ አይደለም።

በዚያ ሳምንት እናቷ ፎቅ ላይ ተኝተው ነበር። በሐሞት ጠጠር እየተሰቃዩ ሁለት ወር ተራ ጠብቀው፣ ኦፕራሲዮኑ ለነገ ጠዋት ተቀጥሯል። የቀረው ደም ምርመራ ብቻ ነው። ቀዶ ሐኪሙ የሚፈልገው የፕሌትሌት ቁጥር ነው፤ ቁስል ላይ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ቅንጣት ማለት ነው። ካነሰ አይነካቸውም። ውጤቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልደረሰው ደግሞ ተራቸው ለሌላ ይሰጣል፤ ቀጣዩ ክፍት ቀን ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው።

ችግሩ፣ የእናትየው የደም ሥር አይገኝም። ነርሱ አራት ቦታ ወግቶ በጠብታ ያጠራቀመውን ይዞ መጣ። ስንጥሩ ክር የመሰለ የረጋ ደም ይዞ ወጣ። እንዲህ ሲሆን ቅንጣቶቹ እዚያው ተጣብቀው ስለሚቀሩ፣ ማሽኑ የሌለ ጉድለት ያወራል።

«መልሱት።»

«እትዬ፣ የእናትሽ እኮ ነው።»

«የእናቴ ደም አይረጋም ያለህ ማነው?»

ሁለተኛውም ረግቶ መጣ፤ ሁለተኛውም ተመለሰ። በምሳ ሰዓት ልትጠይቃቸው ወጣች። ልጃቸው ላቦራቶሪ እንደምትሠራ ያውቃሉ፤ መልሱት እሷ መሆኗን ግን የነገራቸው የለም።

«እዚያ ታች አንዲት ልበ ደንዳና አለች አሉ» አሏት የጠቆረ ክንዳቸውን እያሳዩ። «እጇ ይሰበር። ታውቂያታለሽ?»

«አውቃታለሁ።»

«ምን ዓይነት ሰው ናት?»

«ሥራዋን ትወዳለች።»

ስምንት ሰዓት ላይ ነርሱ ባዶ እጁን መጥቶ ከእንግዲህ አልወጋም አለ። መልሱት ጓንት፣ መርፌና ቱቦ ይዛ ወጣች። ሰው ከወጋች ዓመታት አልፈዋል። በሩብ ሰዓት ውስጥ ግን ተመለሰች፤ ቱቦው እስከ መስመሩ ሞልቷል፣ በእጇ ቀስ እያደረገች ታገላብጠዋለች። ፊቷ እንደዚያ ሲፈካ አይቼ አላውቅም። የዘመዱን ደም ማንም ራሱ አይመረምርም የሚለው የራሷ ሕግ ስለሆነ፣ እንደማንኛውም ሰው በመስኮቱ በኩል ለእኔ ሰጠችኝ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ቱቦውን አዙሬ አነበብኩ። ሰዓቱ ተጽፏል። የካርድ ቁጥር የለም። የአባት ስም የለም። በስም ቦታ ላይ «እማዬ» ይላል።

ሰዓቱን አየሁ፤ ለዘጠኝ ሠላሳ አምስት ጉዳይ። እማዬ የሚባል በሽተኛ የለንም። የማን ደም እንደሆነ ግን አውቃለሁ፤ ገና አልቀዘቀዘም። ቱቦውንና እስክሪብቶዬን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ፣ እንድታስተካክለው ፊቴን ወደ ማሽኑ አዞርኩ። አሳፋሪ ነው፤ ግን አደረግሁት። ስዞር እስክሪብቶው እንዳለ ነው። ቱቦውን አንብባ ከንፈሯ ነጥቷል።

«መልሱት» አለች።

«ለማን ነው የምመልሰው?»

«ለእኔ።»

ቱቦውን አንስቼ ሰጠኋት፤ ተቀብላኝ ወጣች። ከእኔና ከግድግዳው ሰዓት በቀር ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ በሁለታችንም ስም ጠላኋት። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲል አዲስ ቱቦ መጣ፤ ሙሉ ስም፣ የአባት ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ሰዓት፣ ፊደሉ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ተለቅሞ የተጻፈ። ስንጥሩ ንጹሕ ወጣ። ፕሌትሌቱ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ሺህ፤ የጤነኛ ሰው ቁጥር። ለዘጠኝ አራት ደቂቃ ሲቀረው ፈርሜ ደወልኩ። ቀዶ ሐኪሙ «እሺ» ብሎ ዘጋው።

ፎቅ ላይ የሆነውን የሰማሁት በማግስቱ፣ እናትየው ኦፕራሲዮን ክፍል ከገቡ በኋላ፣ ከነርሱ ነው።

«ደግሞ ምን ሆነ?» አሏት መርፌውን ሲያዩ።

«ተመለሰ።»

«ያቺው ናት?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ። የቀደሙትንም የመለስኩት እኔ ነኝ። ያሁኑ ስምሽ ተሳስቶ ነው።»

እናትየው የጠቆረ ክንዳቸውን ተመለከቱ።

«ምን ብለሽ ጽፈሽው ነው?»

«እማዬ።»

«እሱማ ስሜ ነው» አሉና ያልተነካውን ክንዳቸውን ዘረጉላት።