አያቴ ስሙን የማያስጠሩት በሽታ

ዛሬ ጠዋት ከቡሬ ተደውሎ አክስቴ በሰላም ተገላገለች ሲባል እየጮኽኩ ዘለልኩ! ደስታዬ ከሁሉም ለምን እንደበለጠ ልንገራችሁ።

ከሁለት ወር በፊት፣ ፍኖተ ሰላም ባለው ቤታችን ትንሿን እህቴን አተኮሳት፤ በማግስቱ ደረቷ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ "ጉድፍ ነው። ጥፍሯን ቁረጡላት፤ ከዚህ በፊት ያልያዛት ነፍሰ ጡር እንዳትጠጋት" አለችን።

አያቴ ግን በሽታው ስሙ ከተጠራ ይቆጣል ባይ ናቸው። መስኮቱን ጋረዱ፤ ሽንኩርት ማቁላላት ከለከሉ፤ እኛም በሹክሹክታ ማውራት ጀመርን። ከሰዓት በኋላ ወደ ባዶው ጥግ ጎንበስ ብለው፣ "በሰላም እንደመጡ በሰላም ይሂዱልን" ሲሉ ሰማኋቸው። እዚያ ማንም የለም። እህቴ ግን ጥጉን አፍጥጣ ታያለች። ፀጉሬ ቆመ።

ያኔ በሩ ተንኳኳ።

"ኧረ ቤቶች! ሞታችኋል እንዴ?"

አክስቴ ናት፤ ሆዷ ገፍቷል። በልጅነቷ ጉድፍ ይዟት አያውቅም፤ እህቴ መታመሟንም የነገራት የለም። አያቴ ዝም በሉ ብለው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። የበሩ እጀታ ዞረ።

"እታለም፣ እንዳትገቢ! ጉድፍ ነው!" ብዬ ጮኽኩ።

መጋረጃው ያለ ነፋስ የተነቃነቀ መሰለኝ። እጀታው ቀስ ብሎ ተመለሰ።

"አንቺ ደፋር፣ እድሜ ይስጥሽ" አለች ከውጭ።

የእህቴ ሽፍታ ደርቆ ረገፈ። አክስቴም ዛሬ፣ "ለክርስትናው አንባቢዎችሽን ሁሉ ጥሪልኝ" ብላኛለች። እንግዲህ ኑልን! ቤታችሁ ጉድፍ ገብቶ ከሆነ ግን ስሙን ጠርታችሁ ንገሩን፤ ድግሱን እንልክላችኋለን።