የታሪን እማኝ

ከሰፈሩበት ሲነሱ ግሌኒስ ዝርዝሩን ታነባለች፣ ባሏ ኔቪል ይመልሳል። በመኪና እየሳቡ የሚጓዙበትን ተጎታች ቤት ከገዙ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ይህ ሥርዓት ሳይፈጸም አንድም ቀን ጎማቸው ተንከባሎ አያውቅም። ጋዝ? ተዘግቷል። አንቴና? ወርዷል። የፍሪጅ በር? ተቆልፏል፣ አለቃ። ድሮ ኔቪል አለቃ ሲላት አንድ የምትመልስለት ነገር አታጣም ነበር። አሁን ቀጣዩን መስመር ታነባለች። እሱም ይመልሳል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ ይሄዳሉ።

በዚያ መስከረም ከበንበሪ ወደ ሰሜን የወጡት ግን እንደየዓመቱ የዱር አበባ ለማየት ብቻ አልነበረም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሞራዋ አጠገብ በሚገኝ የስንዴ እርሻ ላይ ሰርግ ነበር። የምታገባው ታሪን ናት፣ የልጃቸው የብሬንደን ሚስት የነበረችው። ብሬንደን ሁለት ሳምንት ማዕድን ማውጫ፣ አንድ ሳምንት ቤቱ እየሆነ በአውሮፕላን የሚመላለስ ሠራተኛ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ፣ እዚያው ሥራው ቦታ ልቡ ቀጥ አለች። የተወው አንዲት ልጅ ነው፤ ኤልሲ ትባላለች፣ ሰባት ዓመቷ ነው።

ታሪን ስልክ ደውላ ሰርጉን ስታሳውቅ ሌላም ነገር ጨምራ ነበር። በአገሩ ሕግ ጋብቻው የሚጸናው ሁለት እማኞች ሲፈርሙ ነው። በሙሽራው በኩል ወንድሙ ይፈርማል። በእሷ በኩል ግሌኒስ እንድትፈርምላት ፈለገች። ግሌኒስ «ላስብበት» አለቻት፣ በር አንኳኩቶ የመስኮት መጋረጃ ለሚሸጥ ሰው በሚባልበት ድምፅ።

ኔቪል ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ። «ምኑ ነው የሚታሰበው?» አላት።

እውነቱን ለመናገር ግሌኒስ እያሰበችበት አልነበረም። ማሰብ ትሞክርና ሐሳቡ የሚይዘው ነገር ያጣል። ብሬንደን ከሞተ ጀምሮ እንዲህ ናት። በቀብሩ አላለቀሰችም። በዓመቱም አላለቀሰችም። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች ጠንካራ ሴት ናት» እያለ አደነቃት፤ የቀድሞ ባልደረቦቿ፣ ሠላሳ ዓመት በሠራችበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ያሉት፣ ለሌላው አርአያ አድርገው ያወሯታል። ጥንካሬ አልነበረም። የጥርስ ሐኪም መርፌ ወግቶ ከንፈርን እንደሚያደነዝዘው ነው፤ የደነዘዘ ከንፈር ቢነክሱትም አይታወቅም። ልዩነቱ የእሷ ደንዝዞ መቅረቱ ነው። ለቅሶውን ለሁለቱም ያለቀሰው ኔቪል ነው። እሱማ እንደ ልቡ ያለቅሳል፤ ሬዲዮ ላይ የሕፃን ድምፅ ሲሰማ ያለቅሳል፣ መደብር ውስጥ ብሬንደን ይወደው የነበረውን ብስኩት ሲያይ ያለቅሳል። የባቡር መካኒክ የነበረ፣ እጁ እንደ አካፋ የሰፋ ሰው ነው።

ኔቪል የፈራው ሌላ ነው። የስቱዋርት፣ ማለትም የአዲሱ ሙሽራ፣ እናት ሄዘር እዚያው እርሻ ላይ ትኖራለች፤ ከኤልሲ አልጋ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። እነሱ ያሉት ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀው ነው። ግሌኒስ አልፈርምም ካለች ታሪን ትቀየማለች፣ ስልኩ እየቀነሰ ይመጣል፣ ልጅቷም ቀስ በቀስ ከእጃቸው ትወጣለች። መኪናውን እየነዳ በየሃምሳ ኪሎ ሜትሩ ይህንኑ ነገራት። ግሌኒስ እየሰማችው የመንገድ ዳር ምልክት ታነባለች።

ፐረንጆሪ ሲደርሱ ተጎታች ቤቶች ከሚሰፍሩበት ግቢ ቦታ አገኙ። በአሥራ አንድ ሰዓት፣ እንደ ደንቡ፣ ሰው ሁሉ የየራሱን ታጣፊ ወንበርና የየራሱን መጠጥ ይዞ ተሰበሰበ። እንደነሱ ጡረታ የወጡ ናቸው ሁሉም። ወሬውም የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ ነዳጅ፣ ቀጥሎ የጉልበት ሕመም፣ ቀጥሎ ልጆች። ከአደላይድ የመጣች አንዲት ወፍራም ደግ ሴት ግሌኒስን ስንት ልጅ እንዳላት ጠየቀቻት።

«አንድ ነው» አለች ግሌኒስ አይብ እየቆረጠች።

«የት ነው የሚሠራው?»

«ማዕድን ነው። ሰሜን ነው ያለው። የሚመጣው ረቡዕ ይመለሳል።»

ሴትዮዋ አሁን አሁን የሚመላለስ ልጅ ያለው ወላጅ መከራውን እንደሚያይ አወራች፤ ግሌኒስም ተስማማችና አይቡን አዞረችላት። ኔቪል ቢራውን መሬት ላይ አስቀምጦ ወደ ተጎታች ቤቱ ገባ። ተከትላው ስትገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ረቡዕ ይመለሳል አልሽ» አላት።

ለምን እንዳለች እሷም አልገባትም። እንዲያ ማለቱ ቀለላት፤ ሞቷል ብትል ሴትዮዋ ከወንበሯ ትነሳለች፣ ታቅፋታለች፣ ስለ ልጅ ሐዘን ስታወራ ታመሻለች፣ እሷም የሌላትን ፊት ስታሳይ ልታመሽ ነው። ይህንኑ ነገረችው።  ከዚያ በኋላ እስከ ሞራዋ ድረስ ስለ ፊርማው አላነሳባትም፤ ያንን ሁሉ ቀን ዝም ሲል ከመነዝነዙ ይልቅ ከበዳት ሊባል ይችል ነበር፣ የሚከብዳት ነገር ቢኖር ኖሮ።

አበባው በዚያ ዓመት ጉድ ነበር። ክረምቱ ደህና ዘንቦ ሜዳው ሁሉ ነጭና ሮዝ ለብሷል፤ ሰው ከመኪናው ወርዶ በጉልበቱ እየሄደ ፎቶ ያነሳል። እንደ አክሊል ክብ ሆኖ ጠጠር ላይ የሚበቅለውን አበባ ለማየት ሃያ ኪሎ ሜትር ጥርጊያ መንገድ ገቡ። ኔቪል አጠገቡ ተንበርክኮ፣ እንደተለመደው፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ግሌኒስ አበባውን አየችው። ቀይና ቢጫ ነው። ውኃ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀችውና ኮዳውን ሰጠችው።

እርሻው የደረሱት ሐሙስ ነው። ስቱዋርት ራሱ ከኋላ ቆሞ በእጁ እየመራ ተጎታች ቤቱን ከባሕር ዛፎቹ ሥር አስገባላቸው። ረጅም፣ ጆሮው በፀሐይ የተላጠ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ኔቪል ወደደው፣ መውደዱም ቆጨው፣ ሁለቱንም ለግሌኒስ ነገራት። ኤልሲ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች እየሮጠች መጥታ ኔቪል አንገት ላይ ተንጠለጠለች፤ ግሌኒስንም «ናን» ብላ፣ አያቴ ማለቷ ነው፣ ሳመቻትና ሄዘር ስለሰጠቻት ጠቦት አወራቻት። ጠቦቱ ጡጦ ይጠባል። ስሙ ጀነራል ነው።

አርብ ከሰዓት ኔቪል መቀመጫ የሚሆን የድርቆሽ እስር ሊደረድር ከወንዶቹ ጋር ሲሄድ ታሪን ወደ ተጎታች ቤቱ መጣች። ጠጉሯ ለነገ ተጠቅልሎ በሻሽ ታስሯል፣ እግሯ ላይ የበግ በረት ቦቲ ነው። ግሌኒስ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ልትጥድ ስትነሳ «ተይው» አለቻትና ጠባቧ ጠረጴዛ ጋ ተቀመጠች።

«መልስሽን ልጨቀጭቅሽ አይደለም የመጣሁት» አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። የቀብሩ ቀን የነገርኩሽን ታስታውሻለሽ?»

ግሌኒስ ከዚያ ቀን የምታስታውሰው ጥቂት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ወለል ተወልውሎ ያንሸራትት ነበር። አላስታውስም አለቻት።

«ከኩሽናው በር አጠገብ ያዝኩሽ። እዚያው ነገርኩሽ። የሄደ ቀን ጠዋት ደረቴን አሞኛል ብሎኝ ነበር። ማታ ስጋ አብዝተህ ነው አልኩት። ተነስ፣ አውሮፕላኑ ያመልጥሃል አልኩት። ራሴ ነድቼ አደረስኩት፣ ግሌን። ይህን ሁሉ ነገርኩሽ።»

«እኔ ምን አልኩሽ?»

«ሳንድዊቹ ሳይደርቅ ለሰው አዙሪ አልሽኝ።»

ውጭ ወንዶቹ የድርቆሽ እስር ሲጥሉ ይሰማል። ግሌኒስ ነገሩን አምጣ ልታስታውስ ሞከረች፤ አልመጣም። እንዲያ ብላ ሊሆን እንደሚችል ግን አልተጠራጠረችም። ድምፁ የራሷ ነው።

«አዞርኩት» አለች ታሪን። «ሰዉ ሁሉ እስኪበላ አዞርኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ታነሺዋለሽ እያልኩ ስጠብቅ አለሁ። ትሰድቢኛለሽ ብዬ። ልጄን ገደልሽው ትይኛለሽ ብዬ። አንቺ ለልደቴ ካልሲ ትልኪያለሽ። እማኝ ሁኚልኝ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ተቀይመሽኝ ከሆነ አትፈርሚም፣ ያኔ አውቀዋለሁ አልኩ። አንቺ ደግሞ ላስብበት አልሽ።»

ግሌኒስ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የታሪን እጅ ሩቅ አልነበረም፤ ግን አልያዘችውም። ብትይዘው የማይሰማትን ለማስመሰል ይሆንባታል።

«አልተቀየምኩሽም» አለቻት። «በጎ ስለሆንኩ እንዳይመስልሽ። የምቀየምበት ነገር ጠፍቶብኝ ነው። እንባውም፣ ንዴቱም፣ የለም። ያኔ የነገርሽኝ እኔን አላገኘኝም፣ ታሪን። እቤት አልነበርኩም። አሁንም ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ ውሸት ነው የሚሆነው።»

«ሳትሰሚኝ ነው እንግዲህ ሦስት ዓመት የተሰቃየሁት።»

«ይመስለኛል።»

ታሪን ልትስቅም ልታለቅስም ያለች መሰለች፣ ሁለቱንም አላደረገችም። ግሌኒስ እፈርማለሁ አለቻት። ደስ ብሎኝ ነው እንዳትይ፣ ግን እፈርማለሁ። ታሪንም ቦቲዋን እየጎተተች ወጣች፤ ቀልሏት ይሁን ቅር ብሏት ግሌኒስ አላወቀችም። ማንቆርቆሪያውን ጣደች።

ሰርጉ የተደረገው በጎች በሚሸለቱበት መጋዘን ውስጥ ነው። ሳምንት ሙሉ ቢታጠብም የሱፉ ቅባት ሽታ ከእንጨቱ አልለቀቀም። መቀመጫው የድርቆሽ እስር ነበር፣ ጨርቅ የለበሰ፤ ጨርቁ ግን ቀሚስ የለበሱ ሴቶችን እግር ከመወጋት አላዳነም። አጋቢዋ ከጄራልድተን የመጣች አጭር ሴት ስትሆን ስቱዋርት ቃል ሲገባ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር ክንዱን ይዛ አስጨረሰችው። ኔቪል ገና ሙሽራዋ ስትገባ መሐረቡን አውጥቶ ነበር። ከዚያ ግሌኒስን ጠሩ። የሱፍ መደርደሪያው ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱ ተዘርግቷል። ጎንበስ ብላ ፈረመች። ፎቶ አንሺው አላነሳሁትም፣ እንደገና የሚፈርሙ ያስመስሉ አላት። ብዕሩን ወረቀቱ ላይ ሳታስነካ አስመሰለችለት። ይህ ለእሷ ቀላል ነው።

ኔቪል መጥቶ ትከሻዋን ነካ አደረገና «በርቺ አለቃ» አላት። የጠቦት ጥብስ በዳቦ ተበላ። የስቱዋርት ወንድም የስቱዋርትን የልጅነት ቅሌት ዘረዘረ። ፀሐይዋ ወደ ስንዴው ስትጠጋ ወለሉ ለጭፈራ ተጠረገ፤ መጀመሪያ የሚጨፍሩት ሙሽሮቹ ናቸው።

ያኔ ኤልሲ ከውጭ እየሮጠች ገባች። ጣቷን እንጨት ወግቷት ነበር፣ እጇን ወደ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። «ናን» ትላለች፣ «ናን፣ ናን!»። ግሌኒስ ከድርቆሹ ብድግ ብላ «አቤት» አለች፣ ክንዷንም ከፈተች። ልጅቷ በአጠገቧ አልፋ ሄደች። ጥግ ላይ የቆመችው ሄዘር ተቀበለቻት፣ ጣቷን አፏ ውስጥ አድርጋ ስንጥሩን በጥርሷ ሳበችላት፣ ልጅቷም ፊቷን ሆዷ ላይ ቀበረች።

ግሌኒስ የተከፈተ ክንዷን መልሳ ማጠፍ አቃታት። ከጡቷ ሥር አንድ ነገር ያዛት፤ ይዞም አለቀቀም። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቀችውም። ቅናት ነበር፣ ተራ ቅናት፣ ሄዘርን ፀጉሯን ይዛ ልትጎትታት የሚያደርስ፤ ከቅናቱ ኋላ ደግሞ ሌላው እየተግተለተለ መጣ። በሚወጋው ድርቆሽ ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና እጇን ደረቷ ላይ ጫነች።

ታሪን ከወለሉ መሐል አየቻት። የስቱዋርትን እጅ ለቀቀች።

«ምን ሆንሽ?»

«አመመኝ።»

«የቱ ጋ?»

ግሌኒስ እጇን ካለበት አላነሳችም። ታሪን ዞር ብላ ሙዚቃውን እንዲያጠፉ ጮኸች፤ ጠፋ። ከሞራዋ የመጣች ነርስ እንግዶቹ መካከል ነበረች፣ እሷን ጠራች። ስቱዋርትን መኪና አስነሳ አለችው፣ ሮጠ። ኔቪል ኩባያ ይዞ ቆሞ ቀረ። ግሌኒስ ሰው ሁሉ ሲያያት አፈረች፣ ማፈሯም ተሰማት።

«ደህና ነኝ» አለች። «ሂጂ ጨፍሪ። ሰው እየጠበቀሽ ነው።»

«አልሄድም።»

«ተሻለኝ እኮ።»

«አልሄድም አልኩሽ።» ታሪን ከነነጭ ቀሚሷ ቅባታሙ ወለል ላይ ተንበርክካ ነበር። የግሌኒስን እጅ አጥብቃ ይዛ የልብ ምቷን የምትቆጥረውን ነርስ ትከታተላለች። «ድገሚው» አለቻት። «እንደገና ቁጠሪ።»

ነርሷ እንደገና ቆጠረች። ልቧ ደህና ነው አለች፤ ትንሽ ፈጠነ እንጂ ደህና ነው። ታሪን አላመነችም፣ ሦስተኛ እንድትቆጥር ለመነቻት።

«ልቤ አይደለም፣ ታሪን» አለች ግሌኒስ። «ልጄ ነው። ልጄን።»

ከዚያ በላይ መናገር አልቻለችም። አፏ ተከፈተና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ሦስት ዓመት አልወጣ ያለው ድምፅ ወጣ፤ አስቀያሚ ድምፅ ነበር፣ ሕፃናቱ ደንግጠው እናቶቻቸው ጋ ተለጠፉ። ስቱዋርት የመኪና ቁልፍ ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ አንድ ሰው ሙዚቃው ይከፈት እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቀ፤ ታሪን ግን ከወለሉ አልተነሳችም።