ተርቦውን አትቀስቅሺው

ወፍራሙ ጋስኬት ከዱባይ መጣ ብሎ መካኒኩ ከደወለልኝ ቆይቷል። ጉርድ ሾላ ያለው ጋራዡ ከቢሮዬ ሩቅ አይደለም፤ ግን አልቸኮልኩም። እኔ አለመቸኮሌ ለሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ተአምር ነውና ምክንያቱን ልንገራችሁ።

መኪናዬ ትንሽ የቤንዚን መኪና ናት፤ ግን ተርቦ የሚሉት፣ አየር እየጨመቀ ለሞተሩ ጉልበት የሚጨምር መሣሪያ አላት። ረገጥ ሳደርጋት ታፏጭና ትፈተለካለች። እኔም እንደ እሷው ነኝ፤ ከፊቴ የሚንቀራፈፍ ካለ ጥሩንባዬ አያርፍም። አባቴ ጎኔ ሲቀመጥ ከመስኮቱ በላይ ያለውን እጀታ ጨብጦ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። እኔ ስነዳ አባቴ የሚያወራው ከጌታ ጋር ብቻ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ቦሌ መንገድ ተዘጋግቶ እንደቆምን የራዲያተሩ ውሃ አልቆ ሞተሯ ጋለ። ጭሱን ሳይ "አለቀልኝ!" አልኩ። መካኒኩ ፈታትቶ ሲያየው፣ ሞተሩን ከላይ የሚከድነው ቴስታታ የሚሉት ብረት በሙቀቱ ጎብጧል። ቶርኖ ቤት ተወስዶ ፊቱ ተላገ፤ ተስተካክሎ መጣና ተገጠመ። ወደ አያት የሚወስደውን ዳገት አብረን ሞከርናት። ወይ ጉድ፣ ከድሮዋ በለጠች! መካኒኩ "ሙሽራ ሆናልሻለች" አለኝ፤ እኔም ምርቃቱን አዘነብኩለት።

በዚያው ሰሞን ከመተሐራ ስልክ መጣ። የአባቴ ታላቅ እህት ታማ፣ ሐኪሞቹም ወደ ቤት መልሰዋት፣ "ወንድሜን አምጡልኝ" ትላለች። አባቴ ስልኩን ዘጋና ጫማውን አድርጎ፣ ቡልቡላ ያለው ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ጉልበቱ አውቶቡስ አይችልም።

"አባዬ፣ ነገ እወስድሃለሁ። እንበራለን" አልኩት።

እስከ አዳማ በረርን። እዚያ ምሳችንን በልተን ወደ ቆላው ስንወርድ፣ አንድ ዳገት ላይ ረገጥ ባደርጋት ሞተሯ ውስጥ ጠጠር በጣሳ የሚናጥ የሚመስል ድምፅ ተነሳ። እግሬን ሳነሳ ይተዋል፣ ስረግጥ ይመለሳል። ዳር ይዤ ወረድኩና ለመካኒኩ ደወልኩ።

"ወይኔ! ቆላ እንደምትወርጂ መች ነገርሽኝ?" አለ።

"ቆላ መውረድ ደግሞ ለመካኒክ ይነገራል እንዴ?"

"እህቴ፣ ተረጋጊ። ቴስታታው ሲላግ ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበት ቦታ ይጠብባል። አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ አይታወቅም። እዚያ ግን አየሩ ወፈር ይላል፣ ሙቀትም አለው፤ ተርቦው ደግሞ በላዩ ይጨምርበታል። ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እየነደደ ነው። ከገፋሽበት ፒስተኑን ይበሳዋል። ቦታው እንዲሰፋ ከቴስታታው ሥር ወፍራም ጋስኬት ላስገባላት ይገባኝ ነበር፤ እዚሁ ዳገት ላይ ሞክሬ ጤነኛ ናት ብዬ..."

"ታዲያ ምን ይሻለኛል? አክስቴ እየሞተች ነው እኮ!"

"ቀስ ብለሽ ንጂ። ተርቦውን አትቀስቅሺው።"

ተመልሼ ስገባ አባቴ ገብቶታል። "ከተመለስን አላገኛትም" አለ። ሞተሩ መንገድ ላይ ቢሞትብንም አያገኛትም። እና ተንቀራፈፍን። የጅቡቲ ተሳቢዎች አንድ በአንድ ቀደሙን። ባጃጅ እንኳ ጥሩንባ ነፋብን፤ በእኔ ላይ፣ በጥሩንባ ነፊዋ! እጄ ወደ ጥሩንባው ሄዶ ተመለሰ። ትንሽ እንደሄድን ግን የአባቴ እጅ እጀታውን ለቀቀ። ከዚያ ማውራት ጀመረ።

እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ሕፃን እንደነበር፣ ያሳደገችውም አክስቴ እንደሆነች አውቃለሁ። ያላወቅኩት ሌላውን ነው። እሷም ራሷ ልጅ ነበረች። ሰው ቤት ስትሠራ ውላ የሚሰጧትን ምሳ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ታመጣለታለች። በሩን ከፍታ ስትገባ የመጀመሪያ ቃሏ "በላህ?" ነው። ጎረቤት አብልቶት ቢሆን እንኳ "አልበላሁም" ይላታል፤ በእጇ ካላጎረሰችው እንቅልፍ አይወስደውም።

"እሷ ራሷ መብላቷን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳትም" አለ፣ መስኮቱን እያየ።

ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር ነግሮኝ አያውቅም። መቼስ ይንገረኝ? መች ፋታ ሰጥቼው!

ስንደርስ ጀምበር አዘቅዝቃለች። አክስቴ አልጋው ላይ ልብስ ብቻ መስላለች። ልጆቿ ምግብ ከተወች ቀናት እንዳለፉ በሹክሹክታ ነገሩን። ዓይኗን ገለጠችና ሽበታሙን ወንድሟን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"በላህ?" አለችው።

አዳማ ላይ ጠግበን በልተናል።

"አልበላሁም" አለ አባቴ።

ሳህን ቀረበ። ቀስ ብላ ትንሽዬ ጉርሻ ጠቀለለችና አጎረሰችው። ዋጠ። ከዚያ እሱም ጠቀለለ።

"አንቺስ እትዬ፣ በላሽ?"

ልጆቿ ተያዩ። እሷ ግን ፈገግ ብላ አፏን ከፈተች።

እኔ ውጭ ወጥቼ የመኪናዬ ትኩስ ኮፈን ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ተመስገን አልኩ፤ ስለተላገው ብረት ጭምር።