ሮቶው ለየትኛው በር ይተከል?

የጀናትን አባት በክሪን አውቀዋለሁ፤ ሐረር ጀጎል ውስጥ ከልብስ ሰፊዎቹ መካከል ተቀምጦ ሱሪ ይሰፋ ነበር። ልጁ ግን መርፌውን አልወደደችውም። ትምህርቷን እንደጨረሰች ሐጂ ሀሚድ ዘንድ ተቀጠረች። ሐጂ በቦቴ መኪና ውሃ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። የቧንቧ ውሃ በጠፋ ቁጥር ሰው ሁሉ ለእሳቸው ይደውላል፤ ስልኩን የሚያነሡት ጀናትና ባልደረባዋ ብሩክ ናቸው።

ጀናት ትእዛዙን ኮምፒዩተር ላይ መመዝገብ ብቻ አልበቃትም። ከስልኳ ቪዲዮ እያየች ሪፖርት መሥራት ተማረች። በሪፖርቷ ጎን የሰፈሩ፣ የደንበኛውና የቀኑ ስም ተደርድሯል። አንዱን ሲመርጡ የቀረው ሁሉ ገለል ይልና የተመረጠው ብቻ ይታያል፤ የትእዛዙ ብዛትም በሰማያዊ ዓምድ ይቆማል። እኔ ኮምፒዩተር የለመድሁት በጡረታዬ ዘመን፣ ያለ አስተማሪ ነው። ይህን ሥራዋን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ልቤ ዘለለ።

ባለፈው ጥር ሐጂ አንድ ትልቅ ሮቶ ገዙ። ከጀጎል በሮች ባንዱ አጠገብ ተተክሎ ሁልጊዜ ውሃ ሊይዝ ነው። የት? ሸዋ በርም «ለእኛ» አለ፣ ፈላና በርም «ለእኛ» አለ። ሐጂ የሁለቱንም ሰፈር ሰዎች ግቢያቸው ጠሩና፣ «ጀናት ታሳያችሁ፤ ብዙ ያዘዘ ይወስዳል» አሉ። እኔ ከሸዋ በር ሰዎች ጋር ተቀመጥሁ።

ችግሩ ጀናት ፈላና በር ተወልዳ ያደገች መሆኗ ነው።

«ዳኛዋ የእነሱ ልጅ!» አለ ጎረቤቴ ወርቁ፣ በጡረታ ላይ ያለ ወታደር። «ይህማ ፍርድ አይደለም፤ ሠርግ ነው!»

«ጋሽ ወርቁ፣ ጠጋ ብለው ይዩ» አለች ጀናት። «ሳዳላ ካዩኝ ኮምፒዩተሩን ይንጠቁኝ።»

ኖራ የተቀባው ግድግዳ ላይ የፕሮጀክተሩ ምስል በራ። ሸዋ በርን መረጠች፤ ዓምዱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ፈላና በርን መረጠች፤ ዓምዱ ከግድግዳው እግር ሥር ቀረ። አጨበጨብን።

«ይኸው! ማሽን አያዳላም!» አለ ወርቁ።

ጀናት ክው አለች። የፈላና በሯ ኸዲጃ ከኋላዋ ተነሡ። «ወላሂ አይሆንም! ስደውል የምታነሺው አንቺ አይደለሽም? የእኔ ውሃ የት ገባ? ፈልጊልኝ!»

ጀናት የሰፈሩን ምርጫ አነሣችና የኸዲጃን ስም ብቻ መረጠች። የኸዲጃ ትእዛዞች ግድግዳውን ሞሉት። በየትእዛዙ ጎን የተጻፈው ሰፈር ግን «አሱም በሪ» ይላል። ጀናት ራሷን ያዘች።

አሱም በሪ የፈላና በር የሐረሪ ስሙ ነው። ብሩክ በአማርኛ አውርቶ «ፈላና በር» ብሎ ይመዘግባል። ጀናት ደግሞ ከሰፈሯ እናቶች ጋር በቋንቋቸው ትጫወትና እንደነገሯት ትጽፋለች። ለእሷ ሁለቱም ያው አንድ በር ስለሆኑ ነገሩ ታይቷት አያውቅም። ለኮምፒዩተሩ ግን ሁለት ሰፈር ናቸው፤ አንዱ ሲመረጥ ሌላው ይቀራል።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች። «ሁለቱንም አብሬ ልምረጥ።»

«ቆይ!» ወርቁ ብድግ አለ። «ለራስሽ ሰፈር ልትደምሪ? እኛንስ! ሸዋ በርንም እኮ አስማዲን በሪ ትሉታላችሁ!»

«እውነትዎን ነው። እንዲያውም የእናንተን አስቀድማለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ አበድሽ?» አሉ ኸዲጃ።

«እማ ኸዲጃ፣ ውሃው በሐቅ ይምጣ።»

አስማዲን በሪን ጨመረች። የእኛ ዓምድ ከፍ አለ፤ እኛም ጮኽን። ቀጥላ የእኛን ሳታጠፋ ፈላና በርንና አሱም በሪን አንድ ላይ መረጠች። ምስሉ ለአፍታ ቀጥ አለ። ኸዲጃ «ያ አላህ» ይላሉ። በድንገት ዓምዱ ተስፈነጠረና የእኛን ጥሎት አለፈ! የፈላና በር ሴቶች እልልታ ግቢውን ናጠው። እኔ የተሸነፈው ወገን ነኝ፤ እጄ ግን ከማጨብጨብ አልታቀበም።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ። «ሮቶው ለፈላና በር።»

ወርቁ ብቻ ዓይኑን ከግድግዳው አልነቀለም። «ስሚ፣ ቀኑንም መምረጥ ይቻላል?»

«ይቻላል፣ ጋሽ ወርቁ።»

«እስቲ ቅዳሜን።»

ቅዳሜን መረጠች። ዓምዶቹ ቦታ ተለዋወጡ! ቅዳሜ የሰፈራችን ገበያ ስለሚደምቅ ሻይ ቤቱም ምግብ ቤቱም ውሃ ያዛል፤ የሸዋ በር ዓምድ እላይ ቁጭ አለ።

«ሐጂ!» ወርቁ ጮኸ። «የቅዳሜው ቦቴ የማን ነው?»

ሐጂ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «የእናንተ ይሁን፣ ወርቁ፤ ኢንሻአላህ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ።»

ወርቁ ወንበሩን ጎትቶ ጀናት አጠገብ ተቀመጠ። «በይ ልጄ፣ አሁን ደግሞ እሑድን።»

«ኧረ ይህን ሰውዬ አንሡልን!» አሉ ኸዲጃ። «ሮቷችንን ሊያስመልስ ነው!»